የልጅ ልጆቻችን በምን ይወቅሱናል?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዐምዱ አዘጋጅ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ስለ ጥንቱ ባሪያ አሳዳሪነት በቤት ውስጥ ስንጨዋወት ልጄ «ቅድመ አያቶቻችን ሃይማኖተኞች ሆነው ሳለ ይህን እንዴት አደረጉት?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። ሰዎች በኖሩበት ዘመን መለኪያ ሊዳኙ አይገባም ወይ? የነገው ትውልድስ እኛን በምን ይወቅሰን ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ ባርነት በአገራችን የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው ዐዋጅ ግን ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን መንገድ ደነገገ እንጂ ነገሩን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። ጨርሶ የከለከለው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባሪያ ያሳድሩ ከነበሩት ብዙዎቹ የሚጾሙና የሚያስቀድሱ፣ ለነዳያንም የሚመጸውቱ ሰዎች ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቤቱ ሲያዩት ያደጉት ነገር ስለሆነ ግን «ለምን?» ብለው ሳይጠይቁ ኖሩበት።

በዘመናቸው መለኪያ ይዳኙ የሚለው ክርክር እውነትነት ቢኖረውም አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ባሪያውም የዚያው ዘመን ሰው ነበረ፣ የእርሱን መለኪያ ግን የጠየቀው አልነበረም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የግንፍሌንና የቀበናን ወንዞች በማቆሸሻችን መወቀሳችን አይቀርም፤ ይህን ግን ራሳችንም እናወግዘዋለን። ይበልጥ የሚያሳፍረን ለምደነው የማንነጋገርበት ነገር ይመስለኛል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲቃረብ በሠፈርዎ ወደ ትምህርት ቤት የሚጎርፉትን ልጆች ልብ ብለው ይመልከቱ። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ በቁመት ብዙም የማያንሳትን ሕፃን ቦርሳ ተሸክማ፣ በሌላ እጇ ምሳ ዕቃውን ይዛ እስከ በሩ ታደርሰዋለች፤ ቦርሳውን ታስይዘውና እርሱ ሲገባ እርሷ ወደ ማድቤቷ ትመለሳለች። በሩ ላይ የቆምነው ወላጆች ይህን አይተን ምንም አይመስለንም። «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» እንላለን፤ ልጃችን ግን በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ናት።

የቤት ሠራተኝነት ሁሉ ባርነት ነው ማለቴ አይደለም፤ ዐዋቂ ሰው ሠርቶ የሚኖርበት የተከበረ ሥራ ነው። ሕጉ ግን ይህን ሥራ ከበር ውጭ ትቶታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ቢከለክልም፣ በመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን የግል አገልግሎት ከሽፋኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አሳልፎታል። ስለዚህ የሥራ ሰዓቱም ሆነ የዕረፍት ቀኑ የሚወሰነው በደላላውና በቀጣሪዋ የቃል ስምምነት ነው። ከወረቀት ላይ ያልሰፈረን ሰው የነገው ታሪክ ጸሐፊም በቀላሉ አያገኘውም፤ በየጓዳው ካገለገሉት ባሮች የአብዛኞቹ ስም እንኳ አልተረፈልንም።

ለልጅዎ ቅድመ አያቶቿ ለምደውት ነበር ብለው በግልጽ ይንገሯት፤ ዛሬ እኛ የለመድነው ምን እንደሆነም እርሷን ይጠይቋት፤ ልጆች ከእኛ ቀድመው ያዩታል። በቤትዎ ሠራተኛ ካለች ደመወዟን፣ የዕረፍት ቀኗንና ወደ ማታ ትምህርት የምትሄድበትን ሰዓት በጽሑፍ አስፍረው፣ ልጅዎ ባለችበት ይፈራረሙ። ዕድሜዋ ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ግን መፈረም ያለበት የሥራ ውል ሳይሆን የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ቅጽ ነው።