የቦብ ግራሃም ዙር፦ ያለ ምስክር የተሮጠ ይቆጠራል ወይ?

በሰሜን እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ አገር፣ 42 ጫፎችን በ24 ሰዓት ውስጥ በሩጫ ስለ መዞር፣ ማለትም ስለ ቦብ ግራሃም ዙር የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ። ለሌሎች ሯጮች ሰዓት እየመዘገብኩ ብዙ ሌሊት ተራራ ላይ አድሬያለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕውቅናውን የሚሰጠው ማን ነው?

በ1971 የተቋቋመው የቦብ ግራሃም ማኅበር። ግራሃም ራሱ ግን በኬዚክ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የነበረ ሰው ነው፤ ዙሩን በ1932 በ23 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ሲጨርስ የሚያጸድቅለት ማኅበር አልነበረም። ሌላ ሯጭ፣ አለን ሂተን፣ እስኪደግመው ድረስ እንኳ 28 ዓመት አልፏል።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ሮጬ የጂፒኤስ መረጃ ባቀርብስ?

አባል አያደርግዎትም። በእያንዳንዱ ጫፍ አብሮዎት የቆመና ሰዓቱን የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ጽሕፈቱም ቀላል ሥራ አይደለም። እስክርቢቶ በዝናብ ስለሚከዳ እርሳስና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት እይዛለሁ። አንዴ ስካፌል የሚባለው ጫፍ ላይ ጀርባዬን ለነፋስ ሰጥቼ ደቂቃዋን ስጽፍ ሯጩ ጥሎኝ ወርዷል፤ እስክደርስበት ሳንባዬ ሊፈነዳ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብቻውን የዞረ ሰው አልዞረም ማለት ነው?

ማን አለ? ዞሯል። ምግቡንና ልብሱን ራሱ ተሸክሞ፣ መንገዱንም ራሱ ፈልጎ ነውና እንዲያውም ይከብደዋል። ደንቡ የሚለየው አባል የሚሆነውን ነው እንጂ ጉልበት ያለውን አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ብቻውን ሮጦ ሲያበቃ መዝገብ ላይ ካልሰፈርኩ ብሎ የሚሟገተው ነው። ምስክር ኋላ ተፈልጎ አይገኝም፤ ከመነሳትዎ በፊት ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ከ24 ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ባሳልፍስ?

አይመዘገብም።

ጥያቄ፦ ፈጣኖቹስ የሚሮጡት ለመዝገብ አይደለምን?

በ1982 ቢሊ ብላንድ በ13 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ጨረሰ። ይህ ሰዓት 36 ዓመት ቆይቶ በ2018 ኪሊያን ጆርኔት በ12 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አሻሻለው። ብላንድም መጨረሻው ላይ ቆሞ ተቀበለው። እኔ ብሆን ከወረቀቱ ይልቅ ያንን አቀባበል እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የሚያበቃው የት ነው?

ከተነሱበት፣ ኬዚክ ካለው ሙት ሆል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ የድሮ የከተማ አዳራሽ ነው። በሩን በእጅ መንካት ልማድ ነው። አንድ ሌሊት ብቻውን የመጣ ሰው በሩን ነክቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እርሳሴን አውጥቼ ሰዓቱን ልጻፍልህ አልኩት። «ለማን?» አለኝና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።