ያቺ አልጠፋ ያለች የኤቢኤስ መብራት

ጥያቄ፦ የፊት ቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ካስቀየርኩ ወዲህ የቶዮታዬ የኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) መብራት አልጠፋ አለ። መካኒኩ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ግዛ» ይለኛል። ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ ብርህን ያዝ! ኩሽኔታ በተቀየረ ማግስት የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር በአጋጣሚ ሞተ? እኔ አልዋጥልህ አለኝ። መጀመሪያ በኮምፒውተር አስነብበው። ቶዮታ ላይ የሚወጣው የስህተት ኮድ ሲ0200 ከሆነ የፊት ቀኝ ጎማ ነው፣ ሲ0205 ከሆነ የፊት ግራ። ግን ኮዱ ከዚያ ጎማ ትክክለኛ ምልክት አልመጣም ነው የሚልህ እንጂ ሴንሰሩ ተቃጥሏል አይልም፤ ሽቦው ሲፈታ ተጎትቶ ተበጥሶ፣ ሶኬቱ ውሃ ገብቶት ዝጎ ወይ ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ኩሽኔታ በአንድ ጎኑ ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት ያለው ቀለበት አለው። ተገልብጦ ከተገጠመ አዲስ ሴንሰር ብትገዛም ምንም አያነብም።

የድሮው ባለሁለት ሽቦ ማግኔታዊ ሴንሰር ከሆነ ሶኬቱን ነቅለህ በመልቲሜትር ለካው፣ ብዙ ጊዜ ከ800 እስከ 2500 ኦም ይሆናል፣ ከግራው ጋርም አወዳድረው። ሽቦውን እያወዛወዝክ ቁጥሩ ከዘለለ ችግሩን አገኘኸው። አዲሱ ዓይነት በኦም አይለካም። ለእሱ አንድ ሰው እየነዳ ሌላው ኮዱን ባነበበው ኮምፒውተር ላይ የአራቱን ጎማ ፍጥነት ይይ፤ ሦስቱ 20 ሲሉ አንዱ ዜሮ ካለ እሱ ነው።

እስከዚያው መደበኛው ፍሬን ይሠራል፣ ዝናብ ላይ ግን ድንገት አትርገጥ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ መኪናውን አቁመው።