ኪስፒካንቺ፦ አገሩን በከፍታው እወቂው

«ፔሩ፣ ኩስኮ ድረስ ልሄድ ነው፤ ኪስፒካንቺ አውራጃስ እንዴት ነው? ሰዉስ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፣ በደረቁ ወራት እዚያ ቆይቻለሁና ያየሁትን ላካፍልሽ።

ካርታ ላይ ኪሎ ሜትር አትቁጠሪ። እዚያ ሁሉን የሚወስነው ከፍታ ነው። ከኩስኮ ስትነሺ መጀመሪያ ቁልቁል ትወርጃለሽ። ኦሮፔሳ በዳቦ የታወቀች ናት፤ ቹታ የሚሉትን ትልቅ ክብ ዳቦ ያዢ። አንዳዋይሊያስ ላይ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ በሥዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአውራጃው ዋና ከተማ ኡርኮስም እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ናት። የበቆሎ አገር ነው።

ብዙ ጎብኚ ከዚህ ይመለሳል። አንቺ ግን ወደ ኦኮንጋቴ ውጪ። በቆሎው ይቀርና ድንች ይተካል። የእኛም ድንች ዘሩ ከእነዚህ ተራሮች ነው! በውርጭ ወቅት ድንቹን ሌሊት ሜዳ ላይ ያሳድሩታል። ቀን በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጡና ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ቹኞ ይባላል፤ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ እርሻው እየሳሳ ይሄድና የአልፓካና የላማ ግጦሽ ይሆናል። ከሁሉም በላይ አውሳንጋቴ የሚባለው ተራራ አለ፣ ከ6,300 ሜትር በላይ። ያው መንገድ ከ4,700 ሜትር በላይ የሚገኝ የተራራ መተላለፊያ ተሻግሮ በማርካፓታ በኩል ወደ ኪንሴ ሚል ይወርዳል። እዚያ ሙቀትና ዝናብ የማይለየው ጫካ ነው። ይህ ሁሉ አንድ አውራጃ ነው።

ሰዉም በዚሁ ልክ ነው የሚኖረው። አንድ ቤተሰብ ታችም ላይም ማሳ ሊኖረው ይችላል፤ የጎደለውን ከሌላው ይለውጣል። አይኒ የሚሉት እንደኛ ወንፈል ነው፤ ዛሬ ለጎረቤትህ ታርሳለህ፣ ነገ ላንተ ይታረሳል። የዕድሜ ባለጸጎችን ስለ ባለርስቶቹ ዘመን ጠይቂ። የፔሩ የመሬት አዋጅ የወጣው እንደ አውሮፓውያን በ1969 ነው፤ «መሬት ላራሹ» ሲባል ለሰማ ሰው ያ ወሬ ሩቅ አይሆንም።

ከፋሲካ 58 ቀን ገደማ በኋላ ከደረስሽ የኮይዩር ሪቲን ንግሥ እንዳያመልጥሽ። ከመላው አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲናካራ ሸለቆ ይወጣል፤ ዩኔስኮ እንደ አውሮፓውያን በ2011 በቅርስነት መዝግቦታል። ኡኩኩ የሚባሉት የበዓሉ ሰዎች ድሮ ከግግሩ በረዶ ቆርጠው ይወርዱ ነበር። በረዶው እየሸሸ ስለሆነ አቁመዋል። እኔን በጣም ያሳዘነኝ ይኼ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ፣ በስፓኒሽ ከወጣቶቹ ጋር ትግባቢያለሽ። ላይ ያሉ እናቶች ግን ብዙዎቹ ኬቹዋ ብቻ ነው የሚናገሩት። «አሊሊያንቹ፣ ማማይ» ብለሽ ሰላምታ ስጪ፤ ለወንድ አዋቂ «ታይታይ» በይ። ሳታስፈቅጂ ፎቶ አታንሺ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ ብለሽም አትተማመኚ። ኦኮንጋቴ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ከመውጣትሽ በፊት ሸለቆው ውስጥ ሁለት ሌሊት እደሪ። የኮካ ሻይ ይሰጡሻል፣ ጠጪ፤ ቅጠሉን ግን ሻንጣሽ ውስጥ አስገብተሽ ከአገሩ እንዳትወጪ።