እጅህን አውርድ

ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥታችሁ «ጋሼ፣ ጥሩ የወንጀል ጠበቃ ለመሆን ከየት እንጀምር?» ብላችሁኝ ነበር። ቡናው በረካ ሳይደርስ ተነሥታችሁ ስለሄዳችሁ መልሱ ከእኔው ጋር ቀረ።

ከጊዜ ቀጠሮ ጀምሩ፤ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ተጠርጣሪውን ለማቆየት ቀን ከሚጠይቅበት ችሎት። እናንተ የምትመኙት ትልቁን ችሎት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምስክር ማፋጠጡን፣ የመጨረሻውን ንግግር። እኔ በዳኝነት 11 ዓመት፣ በጥብቅና ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ዘመን ቆይቼ ያየሁት ግን የብዙ ድሃ ጉዳይ ክስ ሳይመሠረት እንደሚያልቅ ነው። ሁለት ወር ታስሮ መዝገቡ ሲዘጋ «ነፃ ወጣ» ይባላል። ሥራው ሄዷል፤ የተከራያት ክፍል ሌላ ሰው ገብቶባታል፤ ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ተበድራለች። ይህን ሁሉ የሚወስነው አምስት ደቂቃ የማይሞላ ችሎት ነው።

በ1989 ዓ.ም. በአንዲት ሐይቅ ዳር ወረዳ አዲስ ዳኛ ነበርኩ። ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። ሕገ መንግሥቱም ገና ከጸደቀ ሁለት ዓመቱ ነበር። ፖሊስ የዓሣ መረብ ሰርቋል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ይዞ ገባ። ልጁ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። የናቀኝ መሰለኝ። «እጅህን አውርድ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ አንድ ነገር ሊል ብሎ ተወው። ደግሜ ጮህኩ። እጁን ሲያወርድ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ወረደ። ለካ ጣቢያ ሲገባ ቀበቶውን ተቀብለውታል። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች፤ እኔም ሳቄን በመዝገቡ ሸፈንኩ። በዚያ ሳቅ መካከል መርማሪው «ቀሪ ምስክር ስላለን 14 ቀን ይፈቀድልን» አለ፤ ፈቀድኩ። ስንት ምስክር እንደቀረው አልጠየቅኩም። ልጁንም «ምን ትላለህ?» አላልኩትም።

በቀጠሮው ቀን ሱሪውን በጆንያ ክር አስሮ መጣ። መርማሪው ያንኑ ማመልከቻ፣ ቀኑ ብቻ ተለውጦ፣ አቀረበ። ያኔ ነው «ቀሪው ምስክር ማን ነው?» ያልኩት። አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የመረቡ ባለቤት። እሱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከችሎቱ በር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ውሎ ቃሉን የሚቀበለው ስላጣ ወደ ቤቱ ሄዷል። ኋላ ቃሉን ሲሰጥ «ጠረጠርኩ እንጂ ሲወስድ አላየሁም» አለ። ልጁን በዋስ ለቀቅኩት፤ 14 ቀኑ ግን በእኔ ፊርማ ነው የሄደው።

ሕጉ ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ አይፈቀድም ይላል እንጂ 14 ቀን ስጥ አይልም። ጣሪያው በየችሎቱ ወለል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ እዚያ ስትቆሙ «ደንበኛዬ ንጹሕ ነው» እያላችሁ ጊዜ አትፍጁ፤ ያ የኋላ ጉዳይ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራ? የቀረው ምስክር ስሙ ማን ነው፣ የት ነው የሚኖረው? የሕክምና ማስረጃው በስንት ቀን በተጻፈ ደብዳቤ ተጠየቀ? ደንበኛዬ ቢወጣ ከነዚህ የትኛውን ያበላሻል? መልሱ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ በይግባኝ የሚጠቅማችሁ የተጻፈው ብቻ ነው። ዋስትና ሲከለከል ይግባኙ በ20 ቀን ውስጥ መሆኑንም አትርሱ።

ቤተሰብ ሲደውልላችሁ ደግሞ «ምን አድርጎ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሰዓት ላይ ተያዘ?» በሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከዚያ የሚቀንሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገውን ጊዜ ነው፤ ስለ ቅዳሜና እሑድ ያለው ነገር የለም። ሰዓቱ አልፎ ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አለላችሁ። የተቀመጠው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ በወንጀሉ መጽሐፍ ሲፈልገው ይውላል። እኔም ውያለሁ።

ለፖሊስ መልስ ያለመስጠት መብትን ለደንበኞቼ የማስረዳው «ዝም አይነቅዝም» ብዬ ነው። ከወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል።

ስለ ዋስ ትንሽ ላውራ። በድሮው ሥርዓት ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ይታሰር ነበር፤ ከሰንሰለቱ የሚያወጣው «እኔ አለሁለት» የሚል ሰው ነው። ዛሬ ዋስ ሰው መሆኑ እየቀረ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የደመወዝ ደብዳቤ ሆኗል። በሐዋሳችን የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ እየበለተ የሚያድር ልጅ ሊብሬ ያለው ዘመድ ከየት ያመጣል? ሕጉ የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተጠርጣሪው አቅም እንዲታይ ያዛል፤ ዳኛው ግን የማያውቀውን አቅም ሊያይ አይችልም። በቀን ስንት እንደሚያገኝ፣ ስንት ልጅ እንደሚያሳድግ፣ በሰፈሩ ስንት ዓመት እንደኖረ ንገሩት። ዋስትና ተፈቅዶለት በብር እጦት ወደ ጣቢያ የተመለሰ ደንበኛ፣ በእኔ ቆጠራ፣ እንደተከለከለ ነው።

የከተማችን የራሷ ጣጣ ደግሞ ቋንቋ ነው። በእኔ ጊዜ ችሎቱ በአማርኛ ነበር፤ ሲዳሙ አፎ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ ስለ ራሱ ሲወራ ቆሞ ያያል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ ቋንቋው ወደ ችሎት ገባ፤ ደግ ሆነ። አሁን ግራ የሚገባው ለሥራ ከሌላ ቦታ የመጣው ነው። በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው፤ ደንበኛችሁ ራሱን ስለነቀነቀ ብቻ ገብቶታል ብላችሁ አትለፉ። የሲዳማ ሽማግሌዎች ነገር ሲይዙ «አፊኒ?» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። እኔ ያን ልጅ ሳልሰማው ነው ያሰርኩት።

ዛሬም የጊዜ ቀጠሮ ሲኖረኝ ቦርሳዬ ውስጥ መርፌ ቁልፍ አይጠፋም። ፖሊሶቹ ለምደውኛል፤ ከመግባታችን በፊት የደንበኛዬን ሱሪ ከወገቡ ሁለት ቦታ ላይ ሰብስቤ አያይዝለታለሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ጉዳይ አለኝ። ማየት የሚፈልግ ካለ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ያግኘኝ፤ ሦስት ተጠርጣሪዎች ናቸውና ተጨማሪ መርፌ ቁልፍ ይዞ ይምጣ።