ሶኬቱ ገጠመ ማለት ቻርጀሩ ገጠመ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ያገለገለ ባለ 48 ቮልት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዝተህ በየቀኑ ወደ ሥራ ልትመላለስበት እንደሆነ ጽፈሃል። «ምን ዓይነት እንክብካቤ ይፈልጋል? ክረምቱንስ ይችለዋል?» ነው ጥያቄህ። የት እንደምትኖር አልነገርከንም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት የሌለበት ሰፈር ስለማላውቅ ግን እንደ እኔው ነህ ብዬ ልመልስልህ። እኔ ከሽሮ ሜዳ ሜክሲኮ ስመላለስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ጠዋት ቁልቁለት ነው። ማታ ከስድስት ኪሎ በላይ ያለውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል።

1. ቻርጀር። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

አምና ሰኔ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ መጣና ቻርጀሬን አቃጠለው። ብስክሌቱን ወደገዛሁበት መደብር ሄድኩ። ሠራተኛው የእኔ ዓይነት ስላልነበረው ከመደርደሪያ ሌላ አወረደና «ይኸውልህ፣ 48 ነው፤ 48 ሁሉ አንድ ነው» አለኝ። ሶኬቱ ልክክ አለ። ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ!

ያ ቻርጀር ለካ የተሠራው በሊድ አሲድ ባትሪ (እንደ መኪናው ባትሪ ዓይነት) ለሚሄዱ ስኩተሮች ነበር። የእኛ ሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ 13 ተከታታይ የትናንሽ ባትሪ ረድፎች አሉት። አንዱ ረድፍ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ብታባዛው 54.6 ይመጣል። ከዚያ በላይ አይፈልግም። የሊድ አሲዱ ቻርጀር ግን እስከ 59 ቮልት አካባቢ ይገፋል። ባትሪው ውስጥ ያለው የመቆጣጠሪያ ካርድ ትርፉን ሲመልስ፣ ሲመልስ ሁለት ሳምንት ቆየና እሱም ተሸነፈ። አንድ ሌሊት ባለቤቴ «የምን ሽታ ነው?» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ባትሪው እጅ አያስነካም። በፎጣ ጠቅልዬ ግቢው መሃል ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩትና ጋቢዬን ለብሼ ከሩቅ ስጠብቀው አደርኩ። ቤቱ ያልተቃጠለው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ጠዋት መደብሩ ስደርስ፣ ባትሪውን እንኳን ሳይከፍቱት «ውኃ ገብቶበታል፤ ዋስትናው ውኃን አይሸፍንም» አሉኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ና። ኃላፊው መስክ ወጥተዋል፤ ሰኞ ና። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፣ ያውም በታክሲ ተሰልፌ። በመጨረሻ ኃላፊው ተገኙና «የሰካኸው አንተው ነህ» ብለው አሰናበቱኝ። የሸጠልኝ ልጅ እዚያው ቆሞ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ደረሰኜን ሳየው «ቻርጀር 1» ይላል፤ ቮልቱ አልተጻፈም። ስለዚህ አንተ ስትገዛ ቮልቱንም የባትሪውንም ዓይነት ደረሰኙ ላይ አስጽፍ። ቢያጉረመርሙም አስጽፍ።

መርካቶ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አገኘሁ። እኔው ፊት ከፍቶ በቴስተር ረድፍ በረድፍ ለካው። ከ13ቱ ሁለቱ ሞተዋል፣ ካርዱ ተቃጥሏል። ውኃ ግን የጠብታ ምልክት የለም። ለጥገናው የብስክሌቱን ዋጋ ሲሶ ከፈልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴስተር ከቦርሳዬ አይለይም፤ መሥሪያ ቤት የሰው ሁሉ ቻርጀር የምለካው እኔ ሆኛለሁ።

2. ሰክተህ አትተኛ። ከዳገት እንደገባህም ወዲያው አትሰካ፤ ባትሪው ይቀዝቅዝ። መብራት ሲሄድ ንቀለው፤ ከተመለሰ በኋላ ረጋ ማለቱን አይተህ መልሰህ ሰካ። ለወር ያህል የማትነዳው ከሆነ በግማሽ ሙሌት አስቀምጠው።

3. ዳገት። ቤንዚን ሞተር ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማችን አየር ያጥረዋል፤ የኤሌክትሪኩ ከፍታ አያውቅም፤ የሚያጥረው የእኛ ትንፋሽ ነው። ሆኖም ጎማው ውስጥ ያለ ሞተር ዳገት ላይ በዝግታ ሲሽከረከር ብዙ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፔዳል እየመታህ አግዘው። ባትሪው ከግማሽ በታች ሆኖ ዳገት ከጀመርክ ደግሞ ቮልቱ በድንገት ወርዶ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። እኔን አፍንጮ በር ላይ ሁለት ጊዜ አስገፍቶኛል፤ በዚያ ክብደቱ! አሁን መሥሪያ ቤት እየሞላሁ ነው የምወጣው። ይህን ለማስፈቀድ ደግሞ ከጥበቃዎቹ ጋር የነበረው ጣጣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከወጣ ወዲህ ሞተር የሚባል ነገር ሁሉ ያስደነግጣቸዋል። በሩ ላይ «ሞተር ሳይክል አይገባም» ይሉኛል። ሞተሮቹ ወደሚቆሙበት ስወስደው «ይህማ ብስክሌት ነው፣ እዚህ አይቆምም» እባላለሁ። ፔዳሉን እያሽከረከርኩ ሳሳይ አንድ ወር አለፈ።

ቁልቁለቱ በበኩሉ የፍሬን ሸራ ይበላል። ብስክሌቱ ከባድ ስለሆነ ከተራው ብስክሌት ቀድሞ ያልቃል፤ በየሁለት ሳምንቱ እየው። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መንገድ ላይ ስትሄድም እግረኛው እዚያው ቆሞ ያወራል፤ የአንተ ደግሞ ድምፅ የለውም። ደወሉን ቀድመህ ምታ።

ክረምት ላልከው፣ ተራ ዝናብ ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው ጎርፍ ነው። ውኃው የጎማው መሃል ላይ ከደረሰ ውረድና ዙር። ላቫጆ ደግሞ በፍጹም አትውሰደው፤ ያ ግፊት ያለው ውኃ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ይገባል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ካቴናውን አድርቀህ ዘይት ቀባው።

ጎማ ሲተነፍስ ለጎሚስታ አስረክበህ ሻይ ልትጠጣ አትሂድ። የእኔን የሞተሩን ገመድ ሳይነቅል ጎማውን ሊጎትተው ሲል ነው የደረስኩበት። መጀመሪያ ገመዱን ከመገናኛው ንቀል፤ ከዚያ ዳዶውንና ጥርስ ያላትን ሮንዴላ ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ያቺ ሮንዴላ ተገልብጣ ከገባች ዘንጉ ሊዞርና ገመዱን ሊቆርጠው ይችላል።

የገዛኸው ያገለገለ ስለሆነ ቻርጀሩ የራሱ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለህም። ዛሬ ማታ ከመሰካትህ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ ገልብጠህ 54.6 የሚል ጽሑፍ ፈልግ። የተፋቀ ከሆነ ወይም ሌላ ቁጥር ካየህ አትሰካው፤ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አይቼ እመልስልሃለሁ።