ኮርዶባን ለሚጎበኙ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከማድሪድ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን ይበቃል?

መልስ፦ ለመስጊድ-ካቴድራሉ፣ ለአይሁድ ሰፈርና ለድልድዩ ይበቃል። ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። በ936 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችውን የኸሊፋውን የቤተ መንግሥት ከተማ፣ መዲና አሳሃራን ማየት ከፈለጉ ግን ይደሩ። ፍርስራሿ ከከተማው በስተምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሰኞም ዝግ ነው።

ጥያቄ፦ መስጊዱ ጠዋት በነፃ ይታያል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከእሑድ በስተቀር ከ8፡30 እስከ 9፡30። ይህ በስፔን ሰዓት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 2፡30 መሆኑ ነው። በቡድን ለሚመጡ አይሠራም። የደወል ማማው ትኬት ለብቻው ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ገብቼ ዓምዱ ሁሉ አንድ መሰለኝ። ምኑን ልይ?

መልስ፦ በተሠራበት ቅደም ተከተል ይዩት፤ ያኔ አንድ አይመስልም። በ785 አካባቢ የከተማዋ ሙስሊም ገዥ አብዱራህማን 1ኛ ካስጀመረው ክፍል ይነሱ። ዓምዶቹ ከሮማውያንና ከእነሱ በኋላ ስፔንን ከገዙት ከቪሲጎቶች ሕንፃዎች የተወሰዱ ስለሆኑ ቀለማቸውም የአናታቸው ቅርጽም ይለያያል። ቁመታቸው አጭር ነው፤ በእነሱ ልክ ቢሠራ ጣሪያው ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ ቅስት በቅስት ላይ ደረቡ፦ የላይኛው ጣሪያውን ይሸከማል፣ የታችኛው ዓምዶቹን እርስ በርስ ያያይዛል። ቀይና ነጩ መስመር እዚህ እውነተኛ ጡብና ድንጋይ ነው።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ የኸሊፋው ዋና ሹም አልማንሱር በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዳስፋፋው ክፍል ይሻገሩና ቀና ይበሉ። ቀዩ ጡብ አይደለም፣ ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። ሚህራቡ (የጸሎቱን አቅጣጫ የሚያሳየው የግድግዳ ጎድጓዳ) ከመሐል የወጣውም በዚሁ የተነሳ ነው፤ በደቡብ ወንዙ ስለገደባቸው ወደ ጎን ሰፉ። የሚህራቡን የወርቅ ሞዛይክ ሳያዩ አይውጡ፤ የቢዛንታይን ባለሙያ እጅ አለበት።

ጥያቄ፦ ካቴድራሉ ለምን መሐሉ ላይ ተሠራ?

መልስ፦ ክርስቲያኑ ንጉሥ ፈርዲናንድ 3ኛ ከተማዋን በ1236 ከያዘ በኋላ ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቆየ። በ1523 ጳጳሱ መሐሉን አፍርሰው ትልቁን ካቴድራል ሲያስጀምሩ የከተማው ምክር ቤት አጥብቆ ተቃወመ፤ ንጉሡ ካርሎስ 5ኛ ግን ለጳጳሱ ፈቀዱ። እኔ ጉዳቱ ያሳዝነኛል። ቢሆንም ዝቅ ካለው የዓምድ ጫካ ወጥቶ ድንገት ከፍ ያለው ነጭ ጣሪያ ሥር መቆም ሊታለፍ አይገባም።

ጥያቄ፦ ውስጥ መስገድ ይፈቀዳል?

መልስ፦ አይፈቀድም፤ ጠባቂዎቹ ያስቆማሉ።

ጥያቄ፦ ድልድዩስ የሮማውያን ነው?

መልስ፦ መሠረቱ አዎ፤ ከ16ቱ ቅስቶች ግን የጥንቶቹ ሁለት ያህል ናቸው። የሮማውያንን እጅ በቅርብ ለማየት የአርኪዮሎጂ ሙዚየሙ ይሻላል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የቲያትራቸው ደረጃዎች አሉ።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ብሄድስ?

መልስ፦ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ግድ ከሆነ መስጊዱን በጠዋት ይጨርሱ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይያዙ፣ ድልድዩን ማታ ይሻገሩ።