«ገረመኝ» ወይስ «ገረሙኝ»?

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ያነሣቻቸውን የፕሉቶ ምስሎች አትመው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው ነበር። አንድ ተማሪ ከምስሎቹ ሥር «የፕሉቶ ምስሎች በጣም ገረመኝ» ብሎ ጻፈ። እኔ «ገረሙኝ» ብዬ አረምኩት፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «በምስሎቹ ተገረምኩ» ካልተባለ በቀር ሁለቱም የመንገድ አማርኛ ነው አሉ። ሌላ ተማሪ ደግሞ «አጃኢብ ነው!» ብላለች። የትኛው ነው ትክክሉ?

መልስ፦ እርማትዎ ከሰዋስው አንጻር ትክክል ነው። «ገረመ» የተባለው ግስ ባለቤቱ የተገረመው ሰው ሳይሆን ያስገረመው ነገር ነው፤ ሰውየው በግሱ ጫፍ ላይ በተሳቢነት ተቀጥሎ «ገረመኝ»፣ «ገረመህ»፣ «ገረመው» እየተባለ ይነገራል። ስለዚህ ባለቤቱ «ምስሎች» ከሆነ ግሱ «ገረሙኝ» ይሆናል፤ ባለቤቷ ፕሉቶ ራሷ ከሆነችም «ፕሉቶ ገረመችኝ» እንላለን። ፕሉቶ የሮማውያን የሙታን ዓለም አምላክ ስም በመሆኑ በወንድ ፆታ ይጠራ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን አማርኛችን ፀሐይንም ጨረቃንም በሴት ፆታ ስለሚጠራ፣ ትንሽ የሆነችውንና የወደዳትንም «እሷ» ማለት ስለሚቀናው፣ ለእኔ የሴቱ ፆታ ይበልጥብኛል።

ይሁን እንጂ ተማሪው ወደ ነጠላው ያዘነበለው በቸልታ አይመስለኝም። አማርኛ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» የሚሉ፣ ባለቤታቸው በግልጽ ሳይጠራ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ወንድ ቁጥር የሚነገሩ ግሶች አሉት። «ራሴን አመመኝ» ስንል ያመመን ምን እንደ ሆነ አንናገርም፤ ራስም «-ን» ይዞ የሕመሙን ስፍራ ከማመልከት በቀር የግሱ ባለቤት አይሆንም። «ገረመኝ» ከእነዚህ ግሶች ጋር ስለሚጎራበት ተናጋሪው ባለቤቱን ረስቶ ነጠላውን ሁልጊዜ እንዳለ የመያዝ ዝንባሌ ይታይበታል። ልዩነቱ «ገረመ» ምንጊዜም የሚገርም ነገር የሚፈልግ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ተማሪውን የገረመው ምንድን ነው? ፕሉቶ ከተገኘችበት ከየካቲት 11 ቀን 1922 ዓ.ም. ጀምሮ ለ85 ዓመት ያህል በትልልቆቹ ቴሌስኮፖች እንኳ ከደበዘዘ ነጥብ ብዙም ያልተሻለች ሆና ኖራለች። መንኮራኩሯ የተነሣችው ጥር 11 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ዕለት ነበር፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 18 ቀን ፕሉቶ ከፕላኔትነት ወጥታ በድንክ ፕላኔትነት ተመደበች። ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. መንኮራኩሯ ከፕሉቶ 12,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስታልፍ ግን ሰው የጠበቀውና ያየው አልተገናኘም። ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር 2,377 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች፣ ከእኛ ጨረቃም የምታንስ፣ ከፀሐይ እጅግ የራቀች ዓለም ገጿ በጥንት ግጭቶች ተበሳስቶ እንደ ደረቀ ይቀራል ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። የታየው የልብ ቅርጽ ያለው ብሩህ ምድር ነው፤ በልቡ ምዕራባዊ ክፍል የተንጣለለው የናይትሮጂን በረዶ ሜዳ የግጭት ጉድጓድ አይታይበትም፣ ይህም ገጹ በሥነ ምድር ዘመን አቈጣጠር ገና ወጣት ለመሆኑ ምልክት ነው፤ በዳርቻው ደግሞ እስከ 3,500 ሜትር የሚደርሱ የውሃ በረዶ ተራሮች ቆመዋል።

ተማሪዎ የተገረመው በዚህ ከሆነ፣ የገረመው ሥዕሉ ሳይሆን በሥዕሉ የተገለጠለት ጉዳይ ነው። እንዲህ ሲሆን እኔ ብሆን የማርመው ግሱን ሳይሆን ባለቤቱን ነው፦ «ፕሉቶ ላይ አንድም የግጭት ጉድጓድ የማይታይበት ሜዳ መኖሩ በጣም ገረመኝ»። «መኖሩ» ነጠላ ስለሆነ «ገረመኝ» ከነጠላነቱ ጋር በቦታው ይቀመጣል። የተገረመው ምስሎቹን አንድ በአንድ እያየ ከሆነ ግን የእርስዎ «ገረሙኝ» ይጸናል፤ ምስሎቹና መረጃዎቹ በሙሉ ወደ ምድር ተልከው ያለቁት እስከ ጥቅምት 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ15 ወር በላይ ወስደው ነውና «ሲገርሙን ቆዩ» ቢባልም ያምራል።

የባልደረባዎን አስተያየት ግን አልቀበልም። «ተገረምኩ» የሚለው ባለቤቱን ወደ ሰው ስላዞረ እንጂ የላቀ የጽሑፍ አማርኛ ስለሆነ አይለይም። ወሬው ስለ ሰዎቹ ከሆነ «ሕዝቡ በምስሎቹ ተገረመ»፣ ስለ ምስሎቹ ከሆነ «ምስሎቹ ሕዝቡን አስገረሙት» ማለት ይገባል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ያለ ተሳቢ ለሰው ሲነገር ይህ ግስ ወደ ወቀሳ ያጋድላል፤ «አንተ ትገርማለህ!» የተባለ ሰው ተመሰገንሁ ብሎ አይሄድም። ለፕሉቶ «ትገርማለች» ሲባል ግን የሚቀየም ስለሌለ ያስኬዳል።

የቃሉ ሥር ለዚህ ጉዳይ ይስማማል። በግእዝ «ገረመ» ከመደነቅ ይልቅ ለማስፈራት ይቀርባል፤ «ግርማ» ከዚያው የወጣ ነው፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ «ግርማ ሌሊት» ሲል የሌሊትን አስፈሪነት ማለቱ እንደ ሆነ ያውቃል። መንኮራኩሯ ካለፈች በኋላ ወደ ኋላ ዞራ ያነሣችውን፣ ፕሉቶ ፀሐይን ጋርዳ በጨለማ ውስጥ ስስ የጭጋግ ቀለበት ከብቧት የምትታይበትን ምስል «ግሩም» ብንለው ሁለቱም ትርጉሞች ይሠራሉ።

«አጃኢብ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የ«ዐጂባ» ብዙ ቁጥር ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚለው ቃል ሆኖ ብዙ ቁጥርነቱ ተረስቷል። ስለዚህ «አጃኢብ ናቸው» ብለው እንዳያርሟት፤ በአማርኛ የቃለ አጋኖ ሥራ ይዞ «አጃኢብ ነው» እንደ ተባለ ይኖራል። ለክበቡ የጽሑፍ ዘገባ አልመርጠውም፤ ከምስል ሥር ለሚጻፍ አጭር አስተያየት ግን እንኳን ሊሰረዝ፣ ከኋላው ያለው ምልክት ራሱ ስሙ ትእምርተ አንክሮ፣ ማለትም የመደነቅ ምልክት ነው።